ያ የግንባታ ሠራተኛ የት ገባ?

ሰሞኑን አንድ ስለ ጌም የሚያወራ ዩቲዩበር «በግፍ የተረሱ አምስት የተኩስ ጌሞች» ብሎ ዝርዝር አወጣ። ቁጥር አንድ ላይ ማንን ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው? ተርኒንግ ፖይንት፦ ፎል ኦፍ ሊበርቲን፤ «ቸርችል ቀድሞ ቢሞትና ናዚዎች ኒውዮርክን ቢወሩስ?» የሚለውን። ሻይ እየጠጣሁ ነበር፤ ትን አለኝ።

ልጁ ሦስት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ «ሃሳቡ ብቻውን ይበቃል»። ሁለተኛ፣ «ያኔ ማሽኑ አይችልም ነበር፤ አይፈረድባቸውም»። ሦስተኛ፣ «ደግሞስ ጌም እኮ ነው፤ የታሪክ ፈተና አይደለም»። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ ፈገግ እያለ።

ስሙን አልጠራም። ጨዋ ልጅ ነው፣ የቀሩት አራት ምርጫዎቹም ደህና ናቸው። ይህኛው ግን አናደደኝ። ምክንያቱም ይህን ጌም ተጫውቼ ጨርሼዋለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን የተጫወትኩት «ምናልባት ችግሩ ከእኔ ይሆናል» ብዬ ነው። ከእኔ አልነበረም።

ቀላሏን እናስቀድም። «ማሽኑ አይችልም ነበር» የምትለዋን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ተርኒንግ ፖይንት የወጣው ፌብሩዋሪ 2008 ላይ ነው፤ ለፕሌይስቴሽን 3፣ ለኤክስቦክስ 360 እና ለኮምፒውተር። ባዮሾክ መቼ ወጣ? ኦገስት 2007። ስድስት ወር ቀድሞ፣ በዚያው ኤክስቦክስ 360 ላይ። እሱም ያው የ«ቢሆን ኖሮ» ጌም ነው። አንድ ሀብታም ከመንግሥትም ከሃይማኖትም ሸሽቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ከተማ ቢሠራስ ነው ነገሩ። እዚያ ከተማ ውስጥ ገብተህ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ብቻ እያየህ፣ ሰዎቹ ምን አምነው እንደመጡና በምን እንደተበላሹ ይገባሃል። ጊርስ ኦፍ ዋርስ? ኖቬምበር 2006፤ ያውም ተርኒንግ ፖይንት በተሠራበት በዚያው አንሪል ኢንጅን 3 በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር። ሊጡ አንድ፣ ምጣዱ አንድ። የአንዱ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆነ፤ የሌላው ድፍን ብሎ ቀረ። ምጣዱ ላይ እናሳብብ?

ይህም ካልበቃ ሃፍ ላይፍ 2 አለ፤ 2004 ላይ የወጣ። ገና ከባቡር እንደወረድክ አንድ ፖሊስ ባዶ ቆርቆሮ መሬት ላይ ይጥልና «አንሳው» ይልሃል። ቅርጫት ውስጥ እንድትከተው ነው። በቃ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ግን አገሩ የአንተ እንዳልሆነ፣ ሰውዬው ምን ያህል እንደሚንቅህ፣ አንተም ምን ያህል አቅም እንደሌለህ ገብቶሃል። በአንድ ቆርቆሮ! ቆርቆሮ ለመጣል ምን ዓይነት ማሽን ያስፈልጋል?

እሺ፣ ይቺ አለቀች። ወደ «ሃሳቡ ብቻውን ይበቃል» እንምጣ።

ሃሳቡ ጥሩ ነው። ይህን አልክድም፤ ከዚህ ሌላ የማምነው ነገር ስለሌለ በደንብ ላመስግነው። ዲሴምበር 13 ቀን 1931፣ ኒውዮርክ። በኋላ በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊንስተን ቸርችል የወዳጁን የበርናርድ ባሩክን ቤት ፈልጎ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ይወርዳል። መንገዱን ሲያቋርጥ እንደ አገሩ ልማድ በተሳሳተው በኩል ያያል። በእንግሊዝ መኪና በግራ ነው የሚሄደው፤ በአሜሪካ በቀኝ። መኪና ገጨው። ሆስፒታል ገባ፣ ዳነ። (በነገራችን ላይ ያኔ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ የተከለከለ ነበር። ሐኪሙ ግን ለሕክምናው አልኮል ያስፈልገዋል፣ በትንሹ 250 ሲሲ፣ ብሎ ወረቀት ጻፈለት። እንዲህ ዓይነት ሐኪም ያላችሁ ተናገሩ።)

ጌሙ «ያን ቀን ቢሞትስ?» ብሎ ይነሳል። ቸርችል ከሌለ እንግሊዝ ትወድቃለች፤ አውሮፓ በናዚ እጅ ይገባል፤ 1953 ላይ ጀርመኖች ኒውዮርክን ይወራሉ። ይህ ከሜዳ የተነሳ ቅዠት አይደለም። በሜይ 1940 መጨረሻ የእንግሊዝ የጦር ካቢኔ ለቀናት የተከራከረው በዚሁ ጉዳይ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በሙሶሊኒ በኩል የሰላም መንገድ እንሞክር ሲል ቸርችል እምቢ አለ። አንድ ሰው እምቢ ባይል ኖሮ ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

አየህ፣ እዚህ ድረስ እኔም ከልጁ ጋር ነኝ። ጥያቄው እስከ ቆዳው ድረስ ደስ ይላል። የዲስኩን ማሸጊያ ሽፋን ማለቴ ነው። ውስጡ ሲገባ ነው ጉዱ።

የጌሙ ሰውዬ ዳን ካርሰን ይባላል። የግንባታ ሠራተኛ ነው። ጌሙ ሲጀምር ያላለቀ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ ቆሞ እየሠራ ነው። ድንገት ሰማዩ በአውሮፕላንና ዜፔሊን በሚባል በጋዝ የሚንሳፈፍ የአየር መርከብ ይሞላል። ሕንጻው ይመታል። ካርሰን በብረት ምሰሶዎቹ ላይ እየተንጠላጠለ፣ እየተንሸራተተ፣ ከታች ከተማዋ እየነደደች ይወርዳል። ትንፋሼን ውጬ ነው የተጫወትኩት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት የዓለም ጦርነትን ከዚህ ቦታ ያሳየኝ ጌም አልነበረም። ወታደር አይደለም፣ ሰላይ አይደለም፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ጠዋት ሥራ የገባ ሰው ነው።

ከዚያ መሬት ረገጠ። ጠመንጃ አነሳ። ካርሰንም በዚያው አበቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰውዬ ማንም ሊሆን ይችላል። እጅ ነው። ጠመንጃ የያዙ ሁለት እጆች። ከአሥር ደቂቃ በፊት ብረት ላይ የሚራመደው ሰው፣ ሙያውን እዚያ ፎቅ ላይ ጥሎት ወረደ። የእኔ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ከሌላው ሁሉ በላይ፦ የግንባታ ሠራተኛ ካደረጋችሁት፣ ግንባታው የት አለ?

እስቲ አስቡት። የኒውዮርክ ብረት ሠራተኛ ምን ያውቃል? ከተማዋን ከውስጥ ያውቃታል። የትኛው ምሰሶ የትኛውን እንደሚሸከም ያውቃል። የትኛው ግድግዳ ለጌጥ እንደሆነና የትኛው ሲነካ ሕንጻው እንደሚናድ ያውቃል። ለብዙ አሥርት ዓመታት እነዚያ ፎቆች የተገጣጠሙት በአራት በአራት ሰው ቡድን ነበር። አንዱ ሪቬት የሚባለውን የብረት ምስማር በከሰል ምድጃ እስኪቀላ ያግልና በመቆንጠጫ ይወረውረዋል። ሁለተኛው በጣሳ ይቀልበዋል፤ አየር ላይ፣ ሃምሳኛ ፎቅ ላይ። ሦስተኛው ከኋላ ደግፎ ይይዘዋል። አራተኛው በአየር መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። አንዱ ከቀረ ሦስቱ ያን ቀን ሥራ የላቸውም። ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል ከካናዳ ከካህናዋኬ የመጡ ሞሃውኮች፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ነበሩበት፤ ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ብሩክሊን ውስጥ ሰፍረው ይኖሩ ነበር። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ስድስተኛ ፎቅ ቆሞ ባልዲ የሚቀባበል የአዲስ አበባ ቀን ሠራተኛ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እዚያ ላይ ያለ ሰው ሕይወቱ ጎኑ ባለው ሰው እጅ ነው።

ታዲያ ወረራ ሲመጣ ከዚህ የተሻለ የሽምቅ ቡድን ከየት ይገኛል? አራት ሰው፣ ከፍታ የማይፈሩ፣ ብረት የሚቆርጡ፣ የከተማዋን አጥንት የሚያውቁ። አንድ ምሰሶ ላልተው የጀርመን ጄኔራል የሚያልፍበትን ድልድይ ሊጥሉ የሚችሉ። ጌሙ እጁ ላይ ወርቅ ይዞ ነበር። ወረወረው። ካርሰን እንደ ማንም ተራ ወታደር ጥግ ይዞ ይተኩሳል፣ ጥይት ያጎርሳል፣ ይተኩሳል። አንድ አዲስ ነገር ጠላትን አንቆ ይዞ ጋሻ ማድረግ ነው። ለዚህ የግንባታ ሠራተኛ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚኒባስ ረዳትም ይችላል።

«አንተ የምታወራው ሕልም ነው፣ ማን እንዲህ ሠርቶ ያውቃል?» የሚል ካለ፣ አዎ፣ ሠርተው ያውቃሉ። ያውም አምስት ዓመት ቀድመው፣ በደካማው ፕሌይስቴሽን 2 ላይ። ፍሪደም ፋይተርስ ይባላል፤ 2003፤ የሠሩት የኮፐንሃገኖቹ አይኦ ኢንተራክቲቭ። ሰውየውን ከጀርባው ሆነህ ነው የምታየው እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ሶቪየቶች ኒውዮርክን ይወራሉ። ዋናው ሰውዬ ክሪስ ስቶን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ! መሸሸጊያው የት ነው? የከተማዋ ፍሳሽ ቦይ ውስጥ። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄደው በምን ነው? በማንሆል። አንዱ ሰፈር ላይ ድልድይ ካፈነዳህ ሌላው ሰፈር ላይ ለጠላት ተጨማሪ ጦር አይደርስም። ቁስለኛ ካነሳህ፣ ቦታ ካስለቀቅህ ስምህ ይገናል፤ ስምህ ሲገን ሰው ይከተልሃል፤ መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ከኋላህ ይሰለፋል። ክረምቱ ይገባል፣ በረዶ ይወርዳል፣ ትግሉ ጊዜ እንደፈጀ በዓይንህ ታየዋለህ። ያ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ነው የመጣው፦ የቧንቧ ሠራተኛ ምን ያውቃል?

ያን ጥያቄ የተርኒንግ ፖይንት ሠሪዎች ራሳቸውን አልጠየቁም። ደግሞ ጀማሪዎች አልነበሩም። ስፓርክ አንሊሚትድ 2004 ላይ ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ፋይነስት አወርን ሠርቷል። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያውቁታል። የጀርመን ሄልሜት እንዴት እንደሚሳል ያውቃሉ። ችግሩም እሱ ነው መሰለኝ፤ የለመዱትን ጦርነት አንስተው ኒውዮርክ ላይ አስቀመጡት። ቦታው ተቀየረ፣ ጦርነቱ ያው ነው።

ከተማዋስ? ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደ ለንደን ትሄዳለህ። ሦስት ታላላቅ ከተሞች። ሦስቱም ኮሪደር ናቸው። ፍርስራሽ፣ በር፣ ደረጃ፣ ፍርስራሽ። ታሪክ ከተቀየረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ነገር የተቀየረ አይመስልም። እኔ ብሆን ከምን እንደምጀምር ልንገራችሁ። በእኛ ዓለም የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ኢስት ሪቨር ዳር 1952 ላይ ተሠርቶ አልቋል። ሂትለር ካሸነፈ የተባበሩት መንግሥታት የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ያ ቦታ ላይ ምን አለ? በፊት የነበረው ቄራ ነዋ! ጀርመኖች ሲገቡ አንድ ምሽግ እዚያ ቄራ ውስጥ ብታደርገው፣ ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው «ይሄ ቦታ እኮ…» ይላል። አንድ ቃል ሳትናገር የዓለምን ታሪክ ነገርከው ማለት ነው። የ«ቢሆን ኖሮ» ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው፤ ባለው ነገር ላይ ሳይሆን በሌለው ነገር ላይ።

ወይም ኤምፓየር ስቴትን ውሰዱ። ሜይ 1931 ነው የተመረቀው፤ ቸርችል በመኪና በተገጨበት በዚያው ዓመት። ጫፉ ላይ ያለው ምሰሶ ሲታቀድ የአየር መርከብ ማሰሪያ እንዲሆን ነበር። በነፋሱ ምክንያት ሳይሆን ቀረ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የናዚ ዜፔሊን መጥቶ እዚያ ምሰሶ ላይ ሲታሰር አስቡት። ማን የሠራው ምሰሶ ላይ? ካርሰንን የመሳሰሉ ሰዎች የሠሩት ላይ! ይህን ጽፌ ሳነበው ራሴ ተበሳጨሁ። ነፃ ነበር እኮ። ታሪክ በነፃ ሰጥቷቸው ነበር።

ዜፔሊን ካነሳን ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። ሂንደንበርግ የሚባለው የጀርመን ዜፔሊን 1937 ላይ ኒውጀርሲ ውስጥ ለምን ነደደ? በሃይድሮጅን ስለተሞላ። ለምን በሃይድሮጅን? ሂሊየሙ በአሜሪካ እጅ ስለነበረና አሜሪካ ለጀርመን ስላልሸጠች። 36 ሰው ሞተ። አሁን እነዚህ ሰዎች በ1953 ኒውዮርክን ለመውረር በዜፔሊን መጡ። በምን ጋዝ? ሃይድሮጅን ከሆነ በአንድ መድፍ ሁሉም ችቦ ነው፤ ደመራ ነው። ሂሊየም ከሆነ ከየት አመጡት? እና ያን ሁሉ ጦር አትላንቲክን በምን አሻገሩት? 1940 ላይ በዶቨር በኩል ሠላሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ውሃ መሻገር ያቃተው ጦር ነው። እንግሊዝን ስለያዙ ነው በሉ፣ እሺ፤ እሱን እንኳ በአንድ የተቀደደ ጋዜጣ፣ በአንድ ሬዲዮ አሳዩን።

እዚህ ላይ ነው ልጁ ሦስተኛዋን የሚመዝዛት፦ «ጌም እኮ ነው!»

አውቃለሁ ጌም መሆኑን። ጌም አይደለም ብዬ አልተከራከርኩም። ግን «ጌም እኮ ነው» የሚል ሰው ጌምን የሚወድ አይመስለኝም። ምግቡ አልጣፈጠም ስትለው «ምግብ እኮ ነው» እንደሚልህ አስተናጋጅ ነው። በ2006 ሪዚስታንስ፦ ፎል ኦፍ ማን ወጣ፤ 1951ን ሌላ ዓይነት አድርጎ የሚያሳይ። ማንቸስተር ካቴድራል ውስጥ ተኩስ ነበረበት። በ2007 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተቆጣች። ቤታችንን አረከሳችሁ አለች፤ ሶኒም ይቅርታ ጠየቀ። ቤተ ክርስቲያኗ ትክክል ነበረች አልልም። ግን ልብ በሉ፤ ቤታቸውን አውቀውታል። ተርኒንግ ፖይንት ዋሽንግተን ላይ ናዚዎች ያስቀመጡትን አሻንጉሊት ፕሬዚዳንት ልትገድል ያስገባሃል። ሲመስለኝ ማንም አልተቆጣ። ማን ይቆጣ? ቤቱን ያወቀው ሰው የለማ።

ደግሞ እኛ ወረራ ምን እንደሆነ ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን። አያቶቻችን አምስት ዓመት ኖረውበታል። ለዚህ ነው ይህ ጌም ከሌላው ይልቅ ለእኛ ባዶ የሚሆነው። በአማርኛ «ባንዳ» የሚባል ቃል አለን። «ውስጥ አርበኛ» የሚባል ቃል አለን፤ ጫካ ያልገባ፣ ከጠላት ጋር በአንድ ከተማ የሚኖር፣ በቀን ጠላትን እጅ እየነሳ በማታ ለአርበኛው ጥይትና ወሬ የሚልክ። ሸዋረገድ ገድሌን ያህል ሴት ያፈራ ነገር ነው። የተያዘ ከተማ ማለት ይሄ ነው። ጎረቤትህን የምትፈራበት፣ ዳቦ ሻጩ ማን እንደሆነ የማታውቅበት። ካርሰን ከተማው ውስጥ ጎረቤት የለውም። ዳቦ ሻጭ የለም። ለጥቅሙ ብሎ ያደረ፣ ፈርቶ ያደረ፣ ለልጁ ብሎ ያደረ ሰው አላገኘሁም። ያለው ተኳሽና ተተኳሽ ነው። አሻንጉሊቱ ፕሬዚዳንት እንኳ ለምን ባንዳ እንደሆነ ስሜት የሚሰጥ ነገር አይናገርም፤ ኢላማ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይሄ ከጌሙ ሠሪዎች የምጠብቀው አይደለም፣ የእኔ የራሴ ነው። ቸርችል 1931 ላይ ከሞተ፣ ባዝ ከተማ ውስጥ በስደት ላይ ያሉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምን ይሆናሉ? በእኛ ዓለም ኢጣሊያ ጁን 1940 ላይ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ንጉሡን በአውሮፕላን ወደ ሱዳን አመጧቸው፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። በሃሊፋክስ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ደግሞ አስታራቂው ሙሶሊኒ ነው። አስታራቂ የምታደርገውን ሰው አዲስ አበባን ልቀቅ ትለዋለህ? አርበኞቹ ብቻቸውን ይቀሩ ነበር። ስንት ዓመት? ይህን ሳስብ ሌሊቱ ነጋ። ዲስኩን ገና አላስገባሁም ነበር። ሃሳቡ ጥሩ ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ጌሙን ይቅር የማልለውም ለዚህ ነው።

«ታዲያ በደንብ የሠራው ማነው?» ካላችሁ፣ ዎልፈንስታይን፦ ዘ ኒው ኦርደር። ሜይ 2014፤ የስዊድኖቹ ማሽን ጌምስ። እዚያም ናዚ አሸንፏል፤ ዓመቱ 1960 ነው። ዋናው ሰውዬ ብላዝኮዊትዝ እንደ በሬ የሚገፋ ጡንቻ ነው። ናዚዎቹ ጨረቃ ላይ ጣቢያ አላቸው። ሮቦት ውሻ አላቸው። «ሂሊየም ከየት መጣ ብለህ ስትጮህ ቆይተህ ሮቦት ውሻ ዋጥክ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ዋጥኩ። ምክንያቱም ከየት እንደመጣ ነገሩኝ። ከአንድ ጥንታዊ የአይሁድ ማኅበር የዘረፉት ዕውቀት ነው አሉ። ውሸት ነው፤ ግን የታሰበበት ውሸት ነው። ከዚያ ደግሞ ዘፈን ሠሩ! የ60ዎቹ ወጣቶች በጀርመንኛ የሚዘፍኑት፣ ናዚ ባያሸንፍ በእንግሊዝኛ ይሆን የነበረ ዘፈን። ሬዲዮ ሥር ቆሜ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ድንገት ምን እየሰማሁ እንደሆነ ገባኝና ደነገጥኩ። ተኩስ አልነበረም። ዘፈን ነው ያስደነገጠኝ።

ከተርኒንግ ፖይንት አንድ ሰው ተምሮ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባላስከፋኝ። 2011 ላይ ሆምፍሮንት መጣ፤ በሰሜን ኮሪያ የተያዘች አሜሪካ፣ አሁንም ግሩም አጀማመር፣ አሁንም ኮሪደር፣ አሁንም ሳታላምጥ የምትውጠው አጭር ታሪክ። የሠራው ስቱዲዮ በዚያው ዓመት ተዘጋ። 2016 ላይ ሁለተኛው መጣ፣ ዘ ሪቮሉሽን። ስለ እሱ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ውስጡ ካለ የጌም ማሽን ላይ ታይምስፕሊተርስ 2 ሙሉውን ተደብቆ ይገኛል። በጌሙ ውስጥ ያለው ምርጥ ነገር ሌላ ጌም ነው። ይህንንም አንድ ቀን «በግፍ የተረሳ» የሚል አይጠፋም።

ልጁን አንድ ነገር ልጠይቀው። እስከ ለንደን ተጫውተኸዋል ወይስ ፎቁን ወርደህ አቆምክ? ምክንያቱም ቪዲዮው ላይ ያሳየኸን ምስል ሁሉ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ምሰሶው፣ ዜፔሊኑ፣ የሚነደው ሰማይ። መሬት ከረገጠ በኋላ ያለውን አንድም አላሳየህም።

ዲስኩ እኔ ጋ አለ። ከጠፋብህ ላክና አስወስደው። ቆዳው ትንሽ ተቀዷል፤ ዲስኩ ግን አልተጫረም፣ ብዙ አልሠራበትምና። መመለስ አይጠበቅብህም።